«ኦውንሱም ግራሙም ቢጻፍ ምን ይጎዳል?» ለምትሉኝ

የምሠራው ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ሎሽን፣ ቫይታሚን፣ የሕፃን ወተት ይዞ «ይሄ ስንት ማለት ነው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ማሸጊያ ላይ ኦውንስና ፓውንድ የሚባሉት አሜሪካኖች የሚለኩባቸው መለኪያዎች ቀርተው ግራምና ሚሊ ሊትር ብቻ ይጻፍ ስል ግን የምሰማው መልስ ሁሌ ያው ነው።

«አሜሪካኖች ኪሎ አያውቁም።» ያውቃሉ። ፓውንድ ራሱ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልኩ የተወሰነው በኪሎ ነው፤ 0.45359237 ኪሎ ግራም።

«አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው።» ለውሃ እንጂ ለዘይት አይሠራም። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው። ባለሱቁን አትጣሉት።

«ቅዳሜ ገበያ በጣሳ መሸጥ ሊቀር ነው?» የማወራው ስለታሸገ ዕቃ ነው።

«ሁለቱም ቢጻፍ ሰው የገባውን ያነባል።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። የአሜሪካ ሕግ በአብዛኛው የታሸገ ዕቃ ላይ ሁለቱንም ያስገድዳል፤ ችግሩም እዚያው ይጀምራል። ኦውንስ አንድ አይደለማ! የክብደቱ 28.35 ግራም ነው። የፈሳሹ ደግሞ በአሜሪካ 29.57፣ በእንግሊዝ 28.41 ሚሊ ሊትር።

አንዲት አያት ክብደት አልጨምር ያለ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መጡ።

«እማማ፣ ወተቱን እንዴት ነው የሚበጠብጡት?»

«ውሃ እስከ አራት፣ ሁለት ማንኪያ። ድሮም እንዲሁ ነው ልጄ።»

ጡጦውን አየሁት። በአንድ ጎኑ ሚሊ ሊትር፣ በሌላው ኦውንስ ተሠምሮበታል። «አራት» የሚሉት 4 ኦውንስ ነው፤ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ። ከአሜሪካ የመጣው ቆርቆሮ ለ2 ኦውንስ ውሃ አንድ ማንኪያ ይል ነበር፤ ልክ ነበሩ። እሱ ሲያልቅ እዚህ የተገዛው ግን ለ30 ሚሊ ሊትር አንድ ማንኪያ ይላል። ስለዚህ አራት ማንኪያ ያስፈልግ ነበር። ሕፃኑ በግማሽ የቀጠነ ወተት ሲጠጣ ከርሟል። እሳቸው ምን ያጥፉ? ሁለት ዓይነት ቁጥር ያሸከማቸው ጡጦው ነው።

እባካችሁ የጡጦውን የኦውንስ ጎን በፕላስተር ሸፍኑት። ወተት በቀየራችሁ ቁጥር ቆርቆሮውን እንደ አዲስ አንብቡ። የአንዱን ቆርቆሮ ማንኪያ ለሌላው አትጠቀሙ። መጀመሪያ ውሃውን ለኩ፣ ከዚያ ዱቄቱን ጨምሩ። ሽሮፕም በቤት የሻይ ማንኪያ አትስጡ፤ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ ከሌላችሁ ከፋርማሲ ጠይቁ።