አሞኒያን ከፍሳሽ ውስጥ በካታሊስት ማስወገድ

ያልታጠበ ሽንት ቤት ስንገባ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን አሞኒያ ነው። ይኸው ጋዝ በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ከማዳበሪያ ፋብሪካ፣ ለብረት ማቅለጫ ከሰል ከሚዘጋጅበት ምድጃና ከቆሻሻ ክምር ስር ከሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽ ጋር ይወጣል። ወንዝ ከገባ ዓሣ ይገድላል። ሐይቅ ከገባ አልጌ ያባዛል።

የተለመደው መፍትሔ ባክቴሪያ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ብርድ አይወድም፣ መርዝ የበዛበት የፋብሪካ ፍሳሽም ያዳክመዋል። ካታሊስት የሚፈለገው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው።

አንደኛው ዘዴ ፍሳሹን በወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ እስከ 150 ወይም 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ አየር መንፋት ነው። ውሃው እንዳይፈላ ከፍተኛ ግፊት ያስፈልጋል። በውስጡ እንደ ፕላቲነም ወይም ሩቴኒየም ያለ ብረት በታይታኒየም ኦክሳይድ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። አራት የአሞኒያ ሞለኪውሎች ሦስት የኦክስጅን ሞለኪውሎችን ያገኙና ሁለት ናይትሮጅንና ስድስት ውሃ ይሆናሉ። ናይትሮጅን ደግሞ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ስለሆነ በነፃ ይለቀቃል።

ከባዱ ነገር ማቃጠሉ ሳይሆን በልኩ ማቆሙ ነው። ኦክስጅኑ ከበዛ ናይትሮጅኑ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ናይትራይት ወይም ናይትሬት የሚባል ሌላ በካይ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። የሚገርመው፣ የናይትሪክ አሲድ ፋብሪካዎች ሆን ብለው የሚፈልጉት ይህን ከልክ ያለፈ ማቃጠል ነው። በፕላቲነምና ሮዲየም መረብ ላይ አሞኒያውን ከ800 ዲግሪ በላይ ያነዱታል። የአንዱ ጥፋት የሌላው ሲሳይ ነው።

ርካሽ ነው ተብሎ መዳብ ቢሞከር ደግሞ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። አሞኒያ ወጥቶ መዳብ ገባ ማለት ነው፤ ከድጡ ወደ ማጡ።

ሁለተኛው ዘዴ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ፍሳሹ ላይ ኖራ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮ ፒኤቹ (አሲድነቱን ወይም አልካሊነቱን የሚያሳየው ቁጥር) ከ9 በላይ ሲደርስ አሞኒያው ወደ ጋዝ ያደላል። አየር ሲነፋበት ተኖ ይወጣል፤ ከዚያ የወጣው ጋዝ ብቻ በትኩስ ካታሊስት ውስጥ ያልፋል። ያን ያህል ግፊት አይጠይቅም፣ ካታሊስቱም ከፍሳሹ ቆሻሻ ጋር አይገናኝም። የራሱ ጣጣ ግን አለው፦ በደንብ ካልተያዘ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ200 እጥፍ በላይ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያመርታል።

ሁለቱም የሚያዋጡት መጠኑ ትንሽ ሆኖ አሞኒያው ለበዛበት ፍሳሽ ነው። የከተማ ፍሳሽ ተቃራኒው ነው፤ ያን ሁሉ ውሃ ለማሞቅ የሚወጣው ነዳጅ አይቀመስም። እዚያ ባክቴሪያው ሥራውን አላጣም።