በእግር ጉዞና በካሎሪ መዝገብ ክብደት መቀነስ

ክብደት የሚቀንሰው ሰውነት ከሚያገኘው የበለጠ ኃይል ሲያወጣ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በየቀኑ 500 ካሎሪ ያጎደለ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ለአዋቂ ሰው ደህና የሚባለው ፍጥነትም በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሁለት ሦስት ኪሎ ቢወርድ አብዛኛው ውኃ ነው፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር ሲያልቅ ከያዘው ውኃ ጋር ይወጣል። ከዚያ በኋላም በዚያው ፍጥነት ልቀጥል ብሎ ራሱን የሚያስርብ ሰው ጡንቻውን ይበላል፣ የሐሞት ጠጠርም ሊያፈራ ይችላል።

መዝገቡና እግሩ እኩል ሥራ የላቸውም። ኪሎውን በዋናነት የሚያወርደው የምግቡ መዝገብ ነው፤ የእግር ጉዞው ደግሞ ልብን፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ያሻሽላል፣ የወረደው ኪሎም እንዳይመለስ ይይዛል። በሜዳ ላይ መራመድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በየኪሎ ሜትሩ ግማሽ ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈጃል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 240 ካሎሪ አወጣ ማለት ነው። ይህ የሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ካሎሪ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ የተራመደ ሰው ቤቱ ገብቶ በምሳው ላይ ሳያውቀው መልሶ ሊበላው ይችላል፤ «በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ግን ምንም አልቀነስኩም» የሚለው እሮሮ በአብዛኛው መነሻው እዚህ ላይ ነው።

የቀን ልክን ማውጣት

ሰውነት አርፎ ሳለ በቀን የሚያወጣውን ካሎሪ ለመገመት በሰፊው የሚሠራበት የሚፍሊን ቀመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ነው። ክብደትን በኪሎ በ10 ማባዛት፣ ቁመትን በሴንቲ ሜትር በ6.25 አባዝቶ መደመር፣ ዕድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ፤ በመጨረሻ ወንድ ከሆነ 5 መደመር፣ ሴት ከሆነች 161 መቀነስ ነው። የ38 ዓመት፣ ቁመቷ 162 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 80 ኪሎ የሆነች ሴት 1,460 ገደማ ይወጣላታል። ቢሮ ውላ በሳምንት ጥቂት ቀን ለምትራመድ በ1.375 ሲባዛ 2,000 ይሆናል፤ 500 ሲጎድል የቀን ልኳ 1,500 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ 1.375 እርምጃውን ቆጥሮታል። ስልኩ «ዛሬ 300 ካሎሪ አቃጠልሽ» ስላለ 300 ጨምሮ መብላት አንዱን እርምጃ ሁለቴ መቁጠር ነው።

ያለ ሐኪም ክትትል ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 ካሎሪ በታች መውረድ አይገባም።

ድስቱ ላይ

የሀበሻ ምግብን መቁጠር የሚከብደው ወጡ በአንድ ድስት ተሠርቶ በአንድ ትሪ ስለሚበላ ነው። መፍትሔው ሳህኑን ሳይሆን ድስቱን መቁጠር ነው። የሽሮ ምሳሌ እንውሰድ፦ 150 ግራም የሽሮ ዱቄት 540 ካሎሪ ያህል፣ 300 ግራም ሽንኩርት 120፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት (አንዱ 120) 720፤ በድምሩ 1,380 ይሆናል። ባዶው ድስት አስቀድሞ ተመዝኖ፣ የበሰለው ሽሮ ብቻውን 1,200 ግራም ቢወጣ፣ 100 ግራሙ 115 ካሎሪ ነው። 150 ግራም የሚይዝ አንድ ጭልፋ 170 ካሎሪ ይሆናል። ስሌቱን ልብ ብሎ ላየ፣ ከድስቱ ካሎሪ ግማሽ በላዩ ዘይቱ ነው፤ ሽሮውም በርበሬውም አይደለም። ሽንኩርቱን በደረቁ ማቁላላት ጀምሮ፣ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ እያደረጉ፣ ዘይቱን በመጨረሻ በሁለት ማንኪያ ብቻ ቢጨርሱት ድስቱ ወደ 900 ይወርዳል፤ ቁሌቱ ጊዜ ከተሰጠው ጣዕሙ አይጎዳም። ዘይት ከጄሪካን በቀጥታ ከተንቆረቆረ ግን ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ማንኪያ የግድ ነው። የተነጠረ ቂቤም ከዘይት አይተናነስም።

እንጀራ በሚዛን እንጂ በቁጥር አይመዘገብም። 100 ግራሙ 150 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ትልቅ እንጀራ እስከ 350 ግራምና ከዚያም በላይ ስለሚመዝን አንዱ ብቻ ከ500 ሊያልፍ ይችላል። የራስን ቤት እንጀራ አንድ ቀን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ ቁጥሩን መያዝ ይበቃል። ትሪ ላይ የሚበላ ሰው የራሱን እንጀራ መዝኖ ከፊቱ ቢያነጥፍ፣ ወጡንም በጭልፋ ቆጥሮ በራሱ በኩል ቢያወጣ ይቀለዋል። ጉርሻም ይመዘገባል፤ የጎረሰው ሰው እምቢ ማለት ካልፈለገ አንዱን ከ50 እስከ 100 ካሎሪ አድርጎ ይያዝ።

ከደብተሩ ቶሎ የሚያመልጡት ግን ከምሳና ከእራት ውጭ ያሉት ናቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ፣ የሻይ ማንኪያው ልክ ከሆነ (4 ግራም) 100 ካሎሪ ያህል ነው፤ ከአፉ ከሞላ ከዚያ ይበልጣል። ረከቦቱ አጠገብ ያለው ቆሎ ኦቾሎኒ ከተቀላቀለበት አንድ ሙሉ እፍኝ ከ200 አይርቅም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 130፣ አንድ ቢራ 140 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ትንሽ እየበላን አልቀነስንም ያሉ 10 ሰዎችን በላብራቶሪ ሲለካ፣ የበሉትን በግማሽ ገደማ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውንም በግማሽ ገደማ አጋንነው ሲናገሩ አግኝቷል። ውሸታሞች ሆነው አይደለም፤ ያልተመዘነ ነገር እንዲሁ ይረሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳይቀንሱ መመዝገብ ብቻ ይሻላል።

ምግቡ የጾም ስለሆነ ብቻ ካሎሪው አነስተኛ አይሆንም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና ቂቤ ቀርቶ ዘይት፣ ዳቦና ድንች ሲበዛ ኪሎ የሚጨምር ሰው ብዙ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሲገድፍ የመጀመሪያው ሳህን ላይ ምስር፣ ሽምብራ ወይም አኩሪ አተር ቢያበዛ ይጠግባል፣ ጡንቻውም አይጎዳም፤ 100 ግራም ጥሬ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የረመዳን ጿሚ ፈጠን ያለውን እርምጃ ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል።

እርምጃው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ ማለት በደቂቃ 100 እርምጃ ገደማ፣ ማውራት የሚቻልበት መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። «10,000 እርምጃ» የሚባለው ቁጥር የመጣው ከሐኪሞች ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። በ7,000ም ብዙ ጥቅም ይገኛል። ጀማሪ በሳምንት አምስት ቀን 20 ደቂቃ ይዞ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመረ 45 ወይም 60 ቢደርስ መገጣጠሚያዎቹ ይለምዱለታል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ ወይም ከውጭ የመጣ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢያለከልክ አይደንቅም። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ጨለማውና የመንገድ ውሾቹ ያሳስባሉ። ጃንሜዳ ሜዳ ስለሆነ ለጀማሪና ጉልበቱን ለሚያመው ይስማማል። የእንጦጦ ዳገት ኃይል ይፈጃል፣ ቁልቁለቱ ግን ጉልበት ይጎዳል፤ ሲወርዱ እርምጃን ማሳጠር ነው። ጫማው ከትልቁ የእግር ጣት ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑረው። የቅልጥም ፊት ከቆረጠመ ርቀቱ በፍጥነት ጨምሯል ማለት ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ የጫማው ሶል ያለቀ ወይም የሳሳ ሊሆን ይችላል። በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ያሉ ደግሞ በሙቀቱ ወራት የገበያ ማዕከል ኮሪደር ውስጥ ቢራመዱ ከሙቀት ይድናሉ።

ሚዛኑ ሲቆም

መንገድ ዳር ሚዛን የያዙ ልጆች ጋ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ላይ መቆም ግራ ያጋባል። በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ሳይበሉ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ተመዝኖ የሳምንቱን አማካይ ማየት ነው። ጨው የበዛበት እራትና የወር አበባ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ ሊጨምሩ ይችላሉ። ወገብን በልብስ ሰፊ ሜትር በየሁለት ሳምንቱ መለካት ሚዛኑ የሚደብቀውን ያሳያል። ሦስት አራት ሳምንት ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ የቀለለ ሰውነት የሚፈልገው ካሎሪ ስለቀነሰ ቀመሩን በአዲሱ ኪሎ መልሶ ማስላት፣ ዘይቱንም እንደገና በማንኪያ መለካት ያስፈልጋል። ዘመድ «ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የደም ግፊትንና ስኳርን እንደሚያሻሽል አስቀድሞ ያወቀ ሰው በዚህ አይረበሽም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ቀንሶ እርምጃ ሲጨምር ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፤ ሲራመድም ከረሜላ በኪሱ ይያዝ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅና የአመጋገብ ሕመም ያለበት ሰው በራሳቸው ካሎሪ መቁረጥ የለባቸውም። በጉዞ ላይ ደረት ላይ ጭነት፣ ራስ መሳት ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቆሞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ሳይሞክሩ ኪሎ መቀነስም ምርመራ ይፈልጋል፤ ቲቢ፣ ስኳር ወይም እንቅርት ሊሆን ይችላል።

የተፈለገው ኪሎ ሲደረስ ልኩን በአንዴ ሳይለቁ በየሳምንቱ 100 ካሎሪ እየጨመሩ ሚዛኑ የሚቆምበትን ቁጥር ማግኘት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የቀን ጉዞው ይቀጥላል፣ መመዘን በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ሁለት ኪሎ ከተመለሰ ደብተሩ እንደገና ይከፈታል።