ልብ አንጠልጣይ ታሪክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ደብቅ»
ጎንደርን መቼት አድርገው የሚጽፉ ጀማሪዎች ይህን ምክር ሳይሰሙ አይቀሩም። ልብ የሚሰቅለው ግን አንባቢው ያወቀው፣ ባለታሪኩ ግን ያላወቀው ነገር ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በቦምብ አስረድቶታል፦ ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ ሲጠመድ አይቶ ከሆነ ግን ተራውን ወሬ እንኳ ለ15 ደቂቃ በጭንቀት ይከታተላል።

ጎንደር ፒያሳ ላይ እንሞክረው። ሁለት እህትማማቾች ቡና ቤት ተቀምጠው ስለ ሠርግ ወጪ ይከራከራሉ። ይህ ብቻውን ያሰለቻል። ከዚያ በፊት ባለው ትዕይንት አንድ ሰው ታላቂቱ ከመሥሪያ ቤቷ ያወጣችውን ሰነድ ሊነጥቃት ከከተማዋ ዳር ከአዘዞ ሲነሳ ካየን ግን፣ «እስኪ አንድ ቡና እንድገም» ስትል አንባቢው «ኧረ ተነሺ!» ማለት ይቃጣዋል። ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጸሐፊው ይቸኩልና ሰውየውን በግማሽ ገጽ ያደርሰዋል። ክርክሩ ይርዘም። መሃል ላይ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ይቁም፤ የሚወርደው ግን ሌላ ሰው ይሁን።

«የወንጀል ምርመራ ታሪክ ማለት ነው»
ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። በምርመራው ታሪክ ግድያው ተፈጽሟል፤ የሚጠየቀው «ማን ገደለ?» ነው። በልብ አንጠልጣዩ አደጋው ገና እየመጣ ነው። መርማሪው ራሱ መታደን ሲጀምር ሁለቱ ይገናኛሉ።

«ሩጫና ተኩስ ከበዛ ይበቃል»
አይበቃም። የሚሮጠው ሰው ቢያዝ ምን እንደሚያጣ ካልታወቀ ሩጫው ድካም ብቻ ነው።

«ቀነ ገደብ ካለ ውጥረቱ ራሱ ይመጣል»
ለጎንደር ጸሐፊ ከጥምቀት የተሻለ ቀነ ገደብ የለም፤ ማንም ሊያራዝመው አይችልም። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ጠዋት ውሃው ይባረካል። ሆኖም ቀኑን ምዕራፍ አንድ ላይ ጠቅሶ እስከ ምዕራፍ ዘጠኝ መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። እያንዳንዱ ሰዓት ከባለታሪኩ አንድ አማራጭ ይንጠቅ። ከተራ ከሰዓት በኋላ መንገዱ በሕዝብ ይሞላና በባጃጅ መሄድ ይቀራል። ሌሊት ሊረዳው የሚችለው ዲያቆን ማሕሌት ላይ ነው። ሲነጋ በነጭ ልብስ በተሞላው ሕዝብ መካከል የሚፈልገውን ሰው መለየት ያቅተዋል።

«ክፉው ገጸ ባሕርይ ጭራቅ መሆን አለበት»
የሚያስፈራው የሚሠራ ዕቅድ ያለው ሰው ነው። ታሪኩ ሳይጀመር ዕቅዱን በአንድ ገጽ መጻፍ ይጠቅማል፦ ምን ይፈልጋል፣ በየትኛው ቀን ምን ያደርጋል፣ ማን ይረዳዋል? ከዚያ ዋናውን ባለታሪክ ከታሪኩ አውጥቶ ማየት ነው። ያለ እሱም ዕቅዱ የሚከሽፍ ከሆነ ባለታሪኩ የሚለፋው በከንቱ ነው።

«ፖሊስ እንዳይጠራ ስልኩ ባትሪ ይጨርስ»
አንባቢ በዚህ ሰልችቷል። ስልኩ ይሥራ፤ መደወሉ ግን ዋጋ ያስከፍል። የፒያሳዋ ታላቅ እህት ፖሊስ ብትጠራ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሰነዱን ከመሥሪያ ቤት እንዴት እንዳወጣችው ነው።