ተንቀሳቃሽ የብየዳ ማሠልጠኛ መኪና በመሃል አዲስ አበባ

ተንቀሳቃሽ የብየዳ ማሠልጠኛ መኪና ሙሉ የብየዳ ወርክሾፕ ተጭኖበት ሠልጣኙ ወዳለበት የሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ጄኔሬተር፣ የብየዳ ማሽኖች፣ ሞርሳ (ብረት አጥብቆ መያዣ) የታሰረበት ጠረጴዛ፣ ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት መቁረጫና መላጫ)፣ ጭምብልና ጓንት ይይዛል። አሠልጣኙም አብሮ ይጓዛል። በአሜሪካና በካናዳ ኮሌጆች ረዣዥም ተጎታቾችን በክፍል በክፍል እየከፈሉ ይጠቀሙበታል። ለመሃል አዲስ አበባ ግን ተጎታች አይታሰብም። መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ ገብቶ መዞሪያ የሚያገኝ ተጎታች የለም። እዚህ የሚያዋጣው አይሱዙ ስለሆነ ይህ ዳሰሳ በአይሱዙ ልክ የሚደራጀውን ይመለከታል።

ሙያው በከተማዋ

የብረት ሥራ በአገራችን ረዥም ዕድሜ አለው። ክብሩ ግን ዘግይቶ መጣ። ባለሙያው ቀጥቃጭ፣ ጠይብ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት የሴባስቶፖል መድፍ ምስያ ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ የሠሩት እጆች ግን ብዙም አይነሱም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ትልቁ ገበያ ከአራዳ ወደ አሁኑ መርካቶ ተዛወረ።

ከዚያ የሚመጣው ትልቁ ነገር ተግባረ እድ ነው። አገሪቱ ከወረራ በወጣች ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ። ገና መንግሥት እግሩን ሳይተክል የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት መክፈት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ዛሬ ሜክሲኮ አካባቢ የሚገኘው ይህ አንጋፋ ተቋም በከተማው ወርክሾፖች ውስጥ የደቀ መዝሙር እጥረት የለበትም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ኋላ ወደ ሙያ ማሠልጠኛነት ተለውጦ ዛሬ እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ሆኗል። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም እንዲሁ። በደርግ ዘመንም የሙያ ትምህርቱ አልተቋረጠም።

የብረት ሥራ በከተማዋ ውስጥ የፈነዳው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር በርና መስኮት የሚሠሩ ማኅበራት በጥቃቅንና አነስተኛ ስም ተደራጁ፤ ሼድ ተሰጣቸው። በ1996 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391 ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 954 ተተካ። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው፣ በዚህ መሃል ሥር ያዘ። የትብብር ሥልጠናም መጣ፤ 70 በመቶው ልምምድ ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ተቋም ውስጥ እንዲሆን። በ2014 ዓ.ም. ዘርፉ አዲስ ለተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጠ።

መኪናውን በቀጥታ የሚመለከተው የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት የሚባለው ነው። አሠልጣኞች ከኮሌጅ ወጥተው ኢንተርፕራይዞች ዘንድ ይሄዳሉ። በቴክኒክ ክህሎት፣ በኢንተርፕረነርሺፕ፣ በካይዘን (ሥራን በየጊዜው የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) እና በቴክኖሎጂ ይደግፋሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ አሠልጣኙ ባዶ እጁን መሄዱ ነው። ሼዱ ውስጥ ያለው ማሽን አንድ ብቻ ከሆነና እሱም ደንበኛ የሚጠብቀውን ሥራ ከያዘ፣ ሥልጠናው ወሬ ሆኖ ይቀራል። መኪናው የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው።

ኃይል

መኪና ሲደራጅ መጀመሪያ የሚወሰነው ቀለሙ ወይም የጎኑ ጽሑፍ መሆን የለበትም። ጄኔሬተሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ጎኑ ላይ 15 ኪሎ ቮልት አምፒር (የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ) የተጻፈበት ጄኔሬተር እዚህ በተግባር 12 ገደማ ይሰጣል። ሻጭ ይህን አይነግርህም።

ፍላጎቱን በወረቀት ማስላት ቀላል ነው። በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን በሚያያይዘው ዘንግ) እና በ80 አምፒር የሚሠራ ኢንቨርተር የሚባል ኤሌክትሮኒክ ማሽን ከጄኔሬተሩ 3 ኪሎ ቮልት አምፒር ገደማ ይስባል። በ3.2 ሚሊና በ120 አምፒር 5 ይደርሳል። አራት ሠልጣኝ በአንድ ጊዜ በ2.5 ሚሊ ከበየደ 12 ገደማ ሊጠይቅ ነው። ግራይንደር፣ ጭስ የሚስብ ማራገቢያና መብራት ሲጨመሩበት 20 ኪሎ ቮልት አምፒር የተጻፈበት ጄኔሬተር የቅንጦት አይሆንም።

አገር ውስጥ የተጠመጠሙት ባለ ትራንስፎርመር ማሽኖች የራሳቸው ወዳጅ አላቸው። ይጠገናሉ፣ አይሰስቱም፣ ድብደባ ይችላሉ። ግን ከባድ ናቸው፣ ኃይል ይጨርሳሉ፤ ለጄኔሬተር ጥሩ ጎረቤት አይደሉም። ለመኪና ኢንቨርተር ይሻላል። ያም ሆኖ አንድ ትራንስፎርመር መጫኑ አይከፋም፤ ሠልጣኙ ነገ የሚሠራው በእሱ ሊሆን ይችላልና። ማሽን ሲገዛ የሥራ ዑደቱ ይታይ። 60 በመቶ የሚለው ከ10 ደቂቃ 6 ይበይዳል፣ 4 ያርፋል ማለት ነው። ሠልጣኝ ከባለሙያ ይልቅ ስለሚያርፍ ይህ ለማሠልጠኛ ይበቃል።

ሼድ ወይም ትምህርት ቤት ግቢ ሲቆም ከመብራት መስመር መውሰድ ይቻላል። ናፍጣ ይቆጥባል፤ ጩኸቱም ይቀራል፤ አሠልጣኙ ድምፁን አያባክንም። ስለዚህ ረዥም ገመድና የኃይል መቀየሪያ ከመጀመሪያው ይታሰብበት። በሁለቱም መንገድ መሬት ውስጥ የሚቀበር ዘንግና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ መከላከያ መቅረት የለባቸውም። ክረምት ላይ፣ አስፋልቱ ርጥብ ሆኖ፣ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሳጥኑና አቀማመጡ

ሳጥኑን ውጭ ማዘዝ አያስፈልግም። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የቅጥቅጥ አካል የሚሠራ ከተማ ይህን አያቅተውም። እንደውም የሳጥኑን ሥራ ለከፍተኛ ደረጃ ሠልጣኞች ብንሰጠው መኪናው ሳይንቀሳቀስ ማሠልጠን ጀመረ ማለት ነው።

ክርክሩ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። አንዱ ወገን የብየዳ ክፍሎቹ በሳጥኑ ውስጥ ይሁኑ ይላል፤ ከዝናብ ይጠብቃል፣ ዕቃም አይጠፋም። ሌላው ጎኑ ወደ ላይ ተከፍቶ ጥላ ይሁን፣ ጠረጴዛው ወደ ውጭ ይታጠፍ ይላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ግን ከ4 እስከ 5 ሜትር በሚረዝም ሳጥን ውስጥ አራት ሰው ሲበይድ ጭሱ የትም አይሄድም። ጎኑ የሚከፈተው ይሻላል። መንገደኛውም ያያል፤ መታየቱ ደግሞ ግማሹ ሥራ ነው።

ብረት የሚቆረጥበት የኦክስጅንና የአሴቲሊን ጋዝ ሲሊንደር ከተጫነ ቆሞ ይታሰር፤ ከላይና ከታች በሰንሰለት። አሴቲሊን በውስጡ በአሴቶን ሟምቶ ስለሚቀመጥ ተጋድሞ አይጓዝም። ከኦክስጅኑም ተለይቶ፣ ከላይና ከታች አየር ማውጫ ባለው ክፍል ይቀመጥ። እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መሣሪያ በሁለቱም ቱቦ ላይ ይግጠም። በየጋራዡ የሚታየው አሴቲሊን የሚመረትበት የካርባይድ በርሜል ግን መኪናው ላይ በጭራሽ አይወጣም። መቁረጥ በግራይንደር ዲስክ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ለመጀመሪያ ዓመት ጋዝ ሳይጫን መውጣት ሊታሰብ ይገባዋል።

ኤሌክትሮድ ርጥበት ይጠላል። 6013 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ትንሽ ይታገሣል። 7018 ግን ከፓኬቱ ከወጣ በኋላ 120 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማቆያ ውስጥ ካልተቀመጠ ብየዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ማቆያ ከሌለ 7018 ይዞ መውጣት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዓይን፣ ሳንባ፣ እሳት

መንገድ ዳር የሚበይድ ሰው ጥቁር መነጽር ብቻ አድርጎ ማየት በከተማችን የተለመደ ነው። ከ80 እስከ 120 አምፒር ለሚሆን ብየዳ ጥቁረቱ 10 ወይም 11 የሆነ ጭምብል ያስፈልጋል። የፀሐይ መነጽር ለዚህ አይሆንም፤ ፊትንም አይሸፍንም። የሚጎዳው በያጁ ብቻም አይደለም። ቆሞ የሚያይ ሕፃን ማታ አሸዋ የገባበት ያህል ዓይኑን ያመዋል። ስለዚህ መኪናው የብየዳ መጋረጃ ይዞ ይዞራል። ለተመልካች ደግሞ ጥቂት ትርፍ ጭምብል። ልጅ ጭምብል አድርጎ ነበልባሉን በደህና ሲያይ ሙያውን የሚያይበት ዓይንም ይቀየራል።

ዚንክ የተቀባ ቱቦ ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል። የሳበው ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። በያጆች መድኃኒቱ ወተት ነው ይላሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ሳንባ የገባን ጭስ ግን አያወጣም። ዚንኩን በግራይንደር መላጥ፣ ነፋስ ከጀርባ እንዲመጣ መቆም፣ ማስክ ማድረግ ነው የሚረዳው። ሲላጥም ማስኩ አይወልቅም።

እሳት ሌላው ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ ጠባብ ሰፈር ውስጥ እሳት ምን እንደሚያደርግ አሳይቷል። መኪናው የዱቄትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ይይዛል። ጨርቅ፣ ካርቶንና ፕላስቲክ ካለበት ቦታ ይርቃል። ብየዳው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰው ቦታውን ይጠብቃል። ፍንጣሪ ካርቶን ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ነው የሚነሣው።

የት ይቆማል

የጭነት መኪና በከተማው የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ስለሆነ ፈቃድ ቀድሞ ይጠየቃል። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ መንገድ ዳር መቆም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ የሼድ ግቢዎች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢዎችና ትምህርት ቤቶች ይመረጣሉ። ልደታ፣ ቂርቆስና አራዳ ላይ ይህ ይሆናል። መርካቶ ግን እሁድ ነው። እሁድ ገበያው ጭር ይላል፣ በያጁም ትንፋሽ ያገኛል። «መንገድ ለሰው» የሚባለው ከመኪና ነፃ ቀንም ሙያውን ለማስተዋወቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ምን ይማራል

የትምህርት ቤት ልምምድ በተለምዶ ወፍራም ላሜራ ላይ ነው። እሳት መጫር፣ ቀጥ ያለ መስመር መሳብ፣ ከዚያ በቲ ቅርጽ ማጋጠም፣ በጠፍጣፋ፣ በቁም፣ በስተመጨረሻም ከራስ በላይ። ይህ መሠረት ነው፤ አይዘለልም። ግን የከተማው በያጅ ቀኑን የሚያሳልፈው ግድግዳው 1 ወይም 1.5 ሚሊ በሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ) ነው። በላሜራ የለመደ እጅ እዚያ ላይ ቀዳዳ ያበጃል። ስለዚህ መኪናው ሁለቱንም ብረት ይጭናል። ስስ ብረት ላይ አምፒር መቀነስ፣ ቶሎ ማለፍ፣ አጭር አጭር እያደረጉ ማቀዝቀዝ ለብቻው ትምህርት ነው። የልምምድ ብረቱ ከምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ሊገኝ ይችላል።

ፈተናውም መኪናው ላይ ይሠራል። በአንድ በኩል ብቻ የተበየደ ቲ ሞርሳ ላይ ታስሮ በከባድ መዶሻ ወደ ብየዳው ይታጠፋል። ሲሰበር ውስጡ ይታያል። ቅርፊት ገብቶበታል? ሥሩ ድረስ ቀልጧል? ላዩ ያማረ ብየዳ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ዋናው ተጠቃሚ አዲስ ጀማሪው ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። ሊሆን ይችላል። ይሁንና 10 ዓመት በይዶ አንድ ወረቀት የሌለው ሰው በመርካቶ ሞልቷል። ምዘናው መደበኛ ትምህርት ላልተማረውም ክፍት ነው። ይህን ሰው የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የጽሑፉ ፈተናና ያልለመደው የሥራ ሥዕል ነው፤ እጁ አይደለም። ሁለቱም ጠረጴዛ ዳር፣ ከሥራው አጠገብ፣ ሊሠለጠኑ ይችላሉ። ሴቶችም በኮሌጅ ግቢ በር ከማለፍ ይልቅ ሰፈራቸው ከመጣ መኪና ጋር ቀለል ብሏቸው ሊጀምሩ ይችላሉ።

ለዓመቱ በጀት ሲያዝ ኤሌክትሮድ፣ ዲስክ፣ ጓንት፣ የጭምብል መስታወትና ናፍጣ ለብቻቸው ይጻፉ። ሠልጣኝ ከባለሙያ በላይ ኤሌክትሮድ ይጨርሳል። የጄኔሬተሩ ዘይትም በመኪናው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ራሱ በሠራበት ሰዓት ይቀየራል። የሰዓት መቁጠሪያ ከሌለው ይገጠምለት።