ደጅ የሚጠናው ማን ነው? ስለ ፖላንድ ፓርቲዎችና የጥቅም ቡድኖች የሚባሉ ስህተቶች

የሠራተኛ ማኅበር፣ ነጋዴ ወይም ገበሬ ከኮሚኒዝም ወዲህ በተመሠረቱ ፓርቲዎች ዘንድ እንዴት ተሰሚነት እንደሚያገኝ ብዙ ይወራል። ወሬውን ፖላንድ ላይ እንፈትሸው፤ ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሚኒዝም ሲወድቅ የተደራጀ ቡድን አልነበረም።» አዲሶቹስ ፓርቲዎቹ ነበሩ። ሶሊዳሪቲ የተባለው የሠራተኛ ማኅበር በ1980 በግዳንስክ የመርከብ ግንባታ ቦታ ከተነሣው አድማ ተወልዶ በአንድ ዓመት ገደማ ወደ 10 ሚሊዮን አባላት አፈራ። እርሱ ከታገደ በኋላ በ1984 በመንግሥት ይሁንታ የተቋቋመው ኦፔዜድዜድ የተባለ የማኅበራት ኅብረትም ሥርዓቱ ቢፈርስ አብሮ አልፈረሰም።

«ደጅ ጠኚው ቡድኑ ነው፤ ፓርቲው በእልፍኙ ተቀምጦ ይጠብቃል።» አባል የሌለው ፓርቲ ምን እልፍኝ አለው? የቀድሞ ኮሚኒስቶች የመሠረቱት የግራ ጥምረት በ1993 የኦፔዜድዜድን ሰዎች በራሱ የዕጩዎች ዝርዝር አስገብቶ ምክር ቤት አደረሳቸው። ማኅበሩ መራጭ ያመጣል፣ ፓርቲው ወንበር ይሰጣል።

«ወደ ሥልጣን በቀረቡ ቁጥር ጥቅም ይበዛል።» ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በ1993 ሶሊዳሪቲ የራሱ የምክር ቤት አባላት ነበሩት። የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ደመወዝ ጉዳይ አልፈታ ሲል በጠቅላይ ሚኒስትር ሃና ሱሆትስካ መንግሥት ላይ የአለመተማመን ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ። ግንቦት 28 ቀን መንግሥቱ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ፤ ከመንግሥቱ ወገን የሆኑ አንድ የቀድሞ የፍትሕ ሚኒስትር ለድምፅ መስጫው ሰዓት አልደረሱም ነበር። ፕሬዚዳንት ሌክ ዋሌሳ፣ ያው የሶሊዳሪቲ የቀድሞ መሪ፣ ምክር ቤቱን በተኑ። ፓርቲዎች ወንበር ለማግኘት 5 በመቶ ድምፅ እንዲያመጡ የሚያስገድደው የምርጫ ሕግ የጸደቀውም በዚያው ዕለት ነው። መስከረም ላይ ሶሊዳሪቲ 4.9 በመቶ አገኘ። ከምክር ቤት ወጣ፤ አሸናፊ የሆነው ያ የግራ ጥምረት ነበር።

ትምህርት የተወሰደ አይመስልም። በ1997 በሶሊዳሪቲ ዙሪያ የተሰባሰበው የምርጫ ጥምረት ከ460 ወንበሮች 201 ይዞ መንግሥት መሠረተ። ማኅበሩ ከደጅ አልፎ ጓዳ ገባ ማለት ነው። ጓዳው ውስጥ የጠበቀው ግን የጡረታና የጤና ማሻሻያ፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መዘጋትና የማዕድን ሠራተኞች ስንብት ነበር። የራሱን አባላት የሚያሰናብት መንግሥት ባለቤት ሆነ! በ2001 ጥምረቱ 5.6 በመቶ አገኘ፤ ለጥምረት የሚጠየቀው 8 በመቶ ነበርና አንድም ወንበር አላገኘም።

«ሁሉም ነገር በእጅ መንሻ ነው።» እጅ መንሻ አለ፣ አልክድም፤ አቅጣጫው ግን ሁልጊዜ እንደምናስበው አይደለም። በ2002 የፊልም ፕሮዲዩሰሩ ሌቭ ሪቪን ወደ ታዋቂው የጋዜጣ አዘጋጅ አዳም ሚችኒክ ቢሮ ሄዶ፣ የመገናኛ ብዙኃን ሕጉ ለጋዜጣው ኩባንያ በሚመች መልክ እንዲወጣ 17.5 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ጠያቂው ከሥልጣን ወገን እንደተላከ የሚናገር ሰው፣ ተጠያቂው ባለጉዳዩ! ሚችኒክ ንግግሩን በድብቅ ቀድቶ ነበር፤ ሪቪንም ተፈረደበት።

«የሎቢ (ባለሥልጣንን የማግባባት ሥራ) ሕግ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ይገለጣል።» ፖላንድ በ2005 ሕጉን አወጣች። በሕጉ የተከፈተው የሎቢ ባለሙያዎች መዝገብ የሚይዘው ለሌላ ሰው ጉዳይ በክፍያ የሚሟገተውን ባለሙያ ነው። ስለ ራሱ ጉዳይ የሚሄድ የሠራተኛ ማኅበር፣ ጳጳስ ወይም የባንክ ኃላፊ መዝገቡ ላይ ስሙ አይገኝም።