ፋርማሲዎቹ «ነፃ ወጡ»? ስለ ኦሃዮው ሕግ የሚወራውና እውነታው

አሜሪካ፣ ኦሃዮ በሚባለው ክልል ውስጥ ትራምቡል የሚባል ካውንቲ (ከክልል በታች ያለ አስተዳደር) አለ። ከ2012 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ወደ 80 ሚሊዮን የሚጠጋ ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ተሸጦበታል። ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ለነዋሪው ሲካፈል፣ ለአንድ ሰው 400 ገደማ ይደርሳል። ትራምቡልና ሌክ የሚባለው ካውንቲ ክኒኑን የሸጡትን የፋርማሲ ኩባንያዎች፣ ሲቪኤስን፣ ዋልግሪንስንና ዋልማርትን፣ ከሰሱ። ክሱ ፐብሊክ ኑይሰንስ ይባላል፤ የሕዝብን ጤና ወይም ሰላም ማወክ ማለት ነው። በ2021 ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ፈረደላቸው። በ2022 ዳኛው ከ650 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰነላቸው። በ2024 መጨረሻ ግን የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሕጋችን ይህን ክስ ዘግቶታል» አለ። ወሬው ከዚያ ጀመረ።

«ፋርማሲዎቹ ነፃ ወጡ።»
ማን ምን ያህል ክኒን ሸጠ የሚለውን ይህ ፍርድ ቤት አልመረመረም። የቀረበለት ጥያቄ አንድ ነው፦ እንዲህ ያለ ክስ ይፈቀዳል? በ2005 እና በ2007 የተሻሻለው የኦሃዮ የምርት ተጠያቂነት ሕግ፣ ከሸቀጥ ሽያጭ የሚነሳን የኑይሰንስ ክስ ይከለክላል። ካሳ ባይጠየቅበትም ያው ነው። የሕጉ ደጋፊዎች «በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ኑይሰንስ ከተባለ ማቆሚያው የት ነው?» ይላሉ። ባዶ ክርክር አይደለም። ግን የሱሰኛው ሕክምና ወጪ ተመልሶ የካውንቲው ጫንቃ ላይ ነው የሚወድቀው።

«የሟች ቤተሰቦች ካሳቸውን ተነጠቁ።»
ገንዘቡ መጀመሪያም ለእነሱ አልነበረም። በ15 ዓመት ተከፋፍሎ ለካውንቲዎቹ የሚከፈል፣ ችግሩን ለማቃለል የሚውል ነበር።

«ይሄማ የኛው ሁከት ይወገድልኝ ነው።»
ስሙ ያሳስታል። የኛው ይዞታውን የነኩበት ሰው የሚያቀርበው ነው፤ ጎረቤት አጥር ሲገፋ፣ ለምሳሌ። ይሄኛውን በአብዛኛው የሚያቀርበው የመንግሥት አካል ነው፣ በሕዝብ ስም።

«ኑይሰንስ ኦሃዮ ውስጥ ሞቷል።»
የተዘጋው የሸቀጡ ብቻ ነው። ወንዝ የበከለ ዛሬም ይከሰሳል።

«ሕጉ ባይኖር ማሸነፋቸው አይቀርም ነበር።»
ኦክላሆማን ተመልከቱ። በዚያው ዓይነት የኑይሰንስ ክስ በመድኃኒት አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ላይ የተወሰነውን 465 ሚሊዮን ዶላር በ2021 የሻረው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ነው።

«ጠመንጃ አምራች አይነኬ ነው።»
ይሄ ደግሞ ከኦሃዮው የተለየ ሕግ ነው። በ2005 የወጣው የፌዴራል፣ ማለትም የመላው አሜሪካ፣ ሕግ ለጠመንጃ አምራቾች ሰፊ ከለላ ይሰጣል፤ ቀዳዳ ግን አለው። ሕግ ጥሶ ያስተዋወቀ ወይም የሸጠ ሊከሰስ ይችላል። በዚያ በኩል የገቡት፣ በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት በጥይት የተገደሉት ቤተሰቦች፣ በ2022 ከጠመንጃ አምራቹ ሬሚንግተን ጋር በ73 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ሜክሲኮም ሌላውን ጠመንጃ አምራች፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንን፣ በዚያው ቀዳዳ ልትይዘው ሞክራ ነበር፤ በ2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች አልተቀበሏትም።