አሮጌ ሚኒባስና የዓባይ በረሃ፦ የሚባለውና እውነታው

ወንበሯ ተነቅሎ ፍራሽና ቡታጋዝ የገባላትን አሮጌ ናፍጣ ሚኒባሳችንን ይዘን ከባሕር ዳር በደጀን በኩል አዲስ አበባ ስንሄድ የማይመክረን የለም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ቤዛዊት ኮረብታ የወጣች መኪና ሁሉ የዓባይን በረሃም የምትችል ይመስላል። ከምክሩ አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል።

«ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ልቀቃት፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ፓምፑ ናፍጣ መስጠት ያቆማል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ቁጠባ የሚባል ነገር የለም። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ያን ሁሉ ክብደት ፍሬን ብቻውን ሲይዘው ሸራው ይግላል፤ የቆየ የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ ይፈላል። አንድ ጊዜ ኩርባ ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰብኝ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ እየሳብኩ ዳር ያዝኩ። ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን፤ የፊቱ ቸርኬ እጅ አያስጠጋም ነበር። ከዚያ ወዲህ ገና ደጀን ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ አስገባለሁ።

«ቴርሞስታት ለብርድ አገር ነው፣ አውጥተህ ጣለው»

መካኒክ ሳይቀር ይለዋል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሜዳ ላይ ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ ነዳጅ ይበላል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጩ ቱቦ ስለሚመለስ ዳገት ላይ ጭራሽ ይብስበታል።

«ሞተሩ እንዳይጮህ አራተኛ ላይ ግፋበት»

ይጩህ! በሁለተኛ ሲወጣ የውሃ ፓምፑም ቬንትሌተሩም ፈጥነው ይዞራሉ፣ ሞተሩም አይታፈንም።

«ዳገት ላይ ከደከመች ሞተሯ አልቋል»

አየሩ ስለሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ከድልድዩ ማዶ፣ ዳገቱ የሚያልቅበት ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ ሩብ ያህሉ የለም።

«ከሞቀች ክዳኑን ከፍተህ ውሃ ጨምር»

በጭራሽ! ጎሃ ጽዮን ላይ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ራዲያተር ውስጥ እንዳይፈላ የያዘው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው። ክዳኑ ሲከፈት በአንዴ ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የጋለ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይሰነጥቃል። የሙቀት መለኪያው መርፌ መውጣት ሲጀምር የምናደርገው ሂተሩን እስከ መጨረሻ መክፈት ነው። በበረሃው ሙቀት ላይ ያስመርራል፣ ልጆቹ ያማርራሉ፤ ግን የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስባል። መርፌው እምቢ ካለ ዳር ይዘን፣ ራዲያተሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ እንጠብቃለን።